ፀሐይ የተሳለበት ቅባት

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሶረቲ ጂሬኛ
ትሮምሶ፣ ኖርዌይ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ያሉበት አገር ብርዱ እንደሚበረታ ሰምቻለሁና እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅ። እናቴ የሺወርቅ ቆማ ትሄዳለች። ወንድምዎ ዋቅወያ፣ አባቴ ማለቴ ነው፣ እኅቴን ኢቢሴን ከቀበርን ወዲህ ቢላ በሚባለው አገር ዘመድ ማሳ ላይ ነው ያለው። ቤት ሲገባ ባዶው አልጋ ይታየዋል መሰለኝ፣ አልተመለሰም። ለሐዘናችን የላኩትን የማጽናኛ ቃል ፓስተሩ አንብበውልናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን የምጠይቅዎን በስልክ ያልጠየቅሁዎ እናቴ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለምትቆም ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። በስልክ የተባለ ነገር ነገ «አላልኩም» ይባላል። ስለዚህ መልስዎን በወረቀት እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እርስዎ የሚያውቁትንም ልድገመው። ኢቢሴና ትንሿ ድርቤ ሲወለዱ ጀምሮ ቆዳቸው ቀለም የለውም። እኔ መሃል የተወለድኩት ግን እንደማንም ሰው ነኝ። ኢቢሴ ተምራ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆነችና አንገር ጉቲን ተመደበች። ቆላ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ማሳ ለማሳ ነው። በዚያው ዓመት እርስዎ ይህን የቱቦ ቅባት ለቆዳዋ መላክ ጀመሩ። ቁስሉ ጆሮዋ ላይ የወጣው ቅባቱ ከመጣ በኋላ ነው። በፊት አልነበረም። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት ወደ ሐኪም ቤት ይዘናት ስንመጣ «የቆዳ ካንሰር ነው፣ ዘግይታችኋል» አሉን።

ቱቦውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ላዩ ላይ ትልቅ ፀሐይ ተስሏል። ከፀሐዩ ሥር አሸዋ ላይ የተኛች ሴት አለች። የጽሑፉን ቋንቋ እዚህ የሚያነበው የለም። የክፍል ጓደኛዬ ሞሲሳ አየውና ሳቀ።

«ፈረንጆች እኮ ፀሐይ ላይ ተጋድመው ራሳቸውን የሚያጠቁሩት በዚህ ነው» አለኝ። «አንተ ደግሞ! ሥጋ ዘይት ሳይነካው ይጠበሳል እንዴ?»

ሲስቅ ልመታው ተነሥቼ ነበር። ማታ ግን ሳስበው እውነት መሰለኝ። ፀሐይ በማትወጣበት አገር የፀሐይ ቅባት ማን ይሸጣል? ማንስ ይገዛል? ደግሞ ቱቦዎቹ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም አለ፤ በሁሉም ላይ አንድ ነው። ሲግሪድ ይላል። ሲግሪድ ማን ናት? የእሷ ቅባት እኅቴ ቆዳ ላይ ምን ይሠራል?

በፓስተሩ ባለቤት እጅ የላኩት አዲሱ እሽግ ደርሷል። ድርቤ እንዳታገኘው ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እሷንም ከትምህርት ቤት አስቀርቻታለሁ፤ እናቴም አልተቃወመችም። ገና ስምንት ዓመቷ ነው። መስኮቱን ዘግተን ቤት ውስጥ ትውላለች። ሁለተኛ እኅት አልቀብርም።

መልስዎን በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

ሮብሳን ዋቅወያ


ትሮምሶ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሮብሳን

አምላካችን ዋቅዮ የቤታችሁን ስንጥቅ ይጠግነው፣ እናትህን ደግፎ ያቁማት፣ ወንድሜንም ከቢላ ይመልሰው። ለኢቢሴ ዛሬም አለቅሳለሁ። አልቅሼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ከሥራ መልስም አለቅሳለሁ።

ደብዳቤህን ስከፍት «የተከበሩ» የሚል አየሁና ምናልባት ለሌላ ሰው ይሆን ብዬ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። «እርስዎ» ስትለኝ ደግሞ ከኋላዬ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞርኩ። እኔ እኮ አዳዳ ነበርኩ፤ የአባትህ እኅት፣ አዳዳህ። ትንሽ ሳለህ በጀርባዬ ያዘልኩህ ልጅ በ«እርስዎ» ከበር ስታቆመኝ ምን ልበል? በአማርኛ መጻፍህ ግን ጥሩ ነው። እኔ ስማር የላቲኑ ፊደል ቁቤ አልነበረም፤ በቁቤ ብትጽፍልኝ ሰው ማስነበብ ነበረብኝ።

እውነት ነው፣ እዚህ አሁን ፀሐይ የለም። ከኅዳር ጀምሮ አልወጣችም። ቀትር ላይ ሰማዩ ትንሽ ሰማያዊ ይልና መልሶ ይጨልማል። ባለፈው ዓመት ጉልበቴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ብሄድ «አጥንትሽ ፀሐይ ተርቧል» አለኝ። የነቀምቴን ልጅ! የዓሣ ጉበት ዘይት በማንኪያ እየጠጣሁ ነው። የፀሐይን ነገር ተወኝ ልጄ፤ ሲበዛ ያቃጥላል፣ ሲጠፋ ያጎብጣል።

ስለ ቅባቱ የጠየቅኸው ይኸውልህ። ሞሲሳ የሚለው ዓይነት ዘይት በዓለም ላይ አለ፣ አልዋሽህም። ለመጥቆር ብለው የሚቀቡት አለ። እኔ የላክሁት ግን እሱ አይደለም። የእኔው ፀሐይን የሚከለክል ነው፤ ቱቦ ውስጥ የታሸገ ጥላ በለው። የእኔና የአንተ ቆዳ ጥላውን ይዞ ተወልዷል፤ የኢቢሴና የድርቤ ቆዳ ግን ጥላ የለውም። ለዚህ ነው የላክሁት።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። የድርቤን ጆሮ ከፊትም ከኋላም፣ ከንፈሯን፣ አንገቷንና አፍንጫዋን ፎቶ አንሣልኝ። በደንብ ብርሃን ባለበት፣ ቀረብ አድርገህ። ቅርፊት ያለው፣ የሻረ መስሎ የማይሽር፣ ደርቆ ተመልሶ የሚደማ ነገር ካለ ንገረኝ። በቴሌግራም ላከው። ልጅቷንም አትዝጋባት። ባርኔጣ አድርጋ፣ እጅጌዋን አውርዳ ጠዋት ጠዋት ትውጣ። የሞተችው ከመሬት በታች ናት፤ በሕይወት ያለችውን አብረህ አትቅበርብኝ።

ስለ ሲግሪድ ሌላ ጊዜ እናወራለን።

አዳዳህ ሶረቲ


ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሶረቲ

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ጌታ ይማርልን። እኛ ባለንበት አለን።

ደብዳቤዎ ከሚጠበቅበት ጊዜ ዘግይቶ ደርሶኛል። ለሁሉም ጥያቄ መልስ ሰጡኝ፤ ለአንዱ ግን «ሌላ ጊዜ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ያቺን አንዷን ነበር በጣም የጠየቅሁት። ቀላሉን የሚመልስና ከባዱን የሚያሳድር ሰው ምን እንደሚባል እርስዎ ያውቃሉ።

ፎቶውን አልልክም። ለማን ነው የሚታየው? እንደ ድርቤ ባሉ ሰዎች ላይ በሌላ አገር ምን እንደሚደረግ ሰምተናል። ኢቢሴ በሕይወት ሳለች አንድ ቀንም የጆሮዋን ፎቶ አልጠየቁም። አሁን ስለምን ጠየቁ? ማን ጠይቁ አለዎት? ስለ ጆሮዋ ያነሡትን ጥያቄ አልመልስም።

ድርቤ ቤት መዋል ሰልችቷታል። የሰፈር ልጆች በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ «ፈረንጅ! ፈረንጅ! ነይ ውጪ!» ይሏታል። እሷም በስንጥቁ በኩል «ፈረንጅስ አገሩ ፀሐይ የለም፣ አክስቴ ነግራኛለች! የናንተ ግንባር ነው የነጣው!» ብላ ትመልሳለች። ዘወር ብላ ደግሞ እኔን ትጠይቀኛለች።

«ሮቢ፣ ፀሐይ ሥራዋን ስትጨርስ ልውጣ?»

«ይመሻል።»

«እኔ ሌባ ነኝ እንዴ ሲመሽ የምወጣው?»

ጎረቤታችን እትዬ እማዋይሽ ትናንት መጥተው ሰምተዋታል። «የሺወርቅ፣ ይቺን ልጅ እንደ ድንች ቡቃያ ጓዳ ውስጥ ልታበቅያት ነው?» ብለው እናቴን ተቆጧት። ለጋ ቅቤ እሹላትና ትውጣ አሉ። እናቴ ግን «ቅቤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ጠፍቶሽ ነው?» ብላ መለሰችላቸው። ይህን ማለቷ ገረመኝ። እናቴም ቅባቱን ትጠረጥራለች ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ራስጌዋ ላይ በመስታወት የሰቀልነው ፎቶ ላይ ኢቢሴ ቀይ ሹራብ ለብሳ ነበር። አሁን ሹራቡ ቀይ አይደለም። ፈዞ የታጠበ ጨርቅ መስሏል። ፊቷም እየጠፋ ነው። ከሞተች በኋላም ፀሐይ አልተዋቻትም።

እዚያው ቆሜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ማንንም ከማምን በዓይኔ ልይ አልኩ። የደብተሬን ቀይ ሽፋን ገንጥዬ ሰሌዳ ላይ ወጠርኩት። በስስ ላስቲክ ሸፈንኩትና ከእሽጉ አንድ ቱቦ ከፍቼ የላስቲኩን ግማሽ በቅባቱ ለቀለቅሁት። ግማሹን ባዶውን ተውኩት። ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ በድንጋይ አስሬዋለሁ፤ በየጠዋቱም ቅባቱን አድሰዋለሁ። ቅባትዎ ፀሐይን የሚጠራ ከሆነ የተቀባው ወገን ቀድሞ ይነጣል። ያን ቀን ሽፋኑን ለፓስተሩም ለአባቴም አሳያለሁ።

ለአንዷ ጥያቄዬ መልስ እጠብቃለሁ።

ሮብሳን


ትሮምሶ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሮብሳን

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ዛሬ ብዙ የመመረቅ ልብ የለኝም።

እዚህ በጥር ፀሐይ ስትመለስ ሰዉ ሁሉ ወደ ኮረብታው ወጥቶ በጣፋጭ ዳቦ ይቀበላታል። የሥራ ጓደኞቼ ዳቦ ሰጡኝ፣ አልበላልኝም። ድርቤ ጓዳ ውስጥ ናት እያልኩ እንዴት ልብላ?

ዝም ስትለኝ ጨለለቂ ሱቅ ላለው ለሽብሩ ደወልኩ። «ስለ ቆዳ ቅባት ከሆነ ገበያ ላይ የውጭ አገር ቱቦ ሲሸጥ አይቻለሁ፣ ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም» አለኝ። ሮብሳን፣ ሸጥከው? የሸጥከው ከሆነ ንገረኝ። ሌላ እልካለሁ፣ ግን ንገረኝ። ሳጥን ውስጥ ነው ትለኛለህ፤ ሳጥኑን ያየ ሰው የለም። አንተ እኔን በወረቀት አስሬ ልያዝሽ ካልክ እኔም ልጠይቅህ እችላለሁ።

ስለ ጆሮዋ «አልመልስም» ማለትህን ደጋግሜ አነበብኩት። ደህና የሆነ ጆሮ «ደህና ነው» ይባላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ስለ ኢቢሴ መፍራትህ አይፈረድብህም። ግን ልጡን ስትሸሽ እባቡን እየረገጥከው እንዳይሆን።

ሲግሪድ የሰው ስም ነው። ክፉ ሰው አይደለችም። ከዚህ በላይ እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፍም፤ የምበላበት እንጀራዬ ነው።

ፎቶውን ላክ።

ሶረቲ


ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሶረቲ

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጌታ በሄዱበት ይከተልዎ።

አልሸጥሁም። የሳጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፣ ስታጠብም አላወልቀውም። ሽብሩ አየሁ ያለውንም ሄጄ አይቻለሁ። ፊት ማቅያ ክሬም ነው፣ ሌላ ነገር ነው። ሽብሩን «ጋሼ፣ ሳታጣራ ሰው አታሳማ» አልኩት፤ «ቱቦ ቱቦን ይመስላል፣ እኔ ምን ላድርግ» አለኝ።

ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ሽፋኑን ፈታሁት። ላስቲኩን ቸኩዬ ገለጥኩት፤ በማሸነፌ እርግጠኛ ነበርኩና። ባዶው ወገን ነጥቷል። እንደ ኢቢሴ ሹራብ ሆኗል። በቅባቱ የተሸፈነው ወገን ግን ቀይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ እንደገዛሁት ቀይ።

ለረጅም ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጥሁ። ቅባቱ ፀሐይን ከከለከለ ለኢቢሴ ስለምን አልከለከለላትም? አራት ዓመት ሙሉ ቀብታዋለች። እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ ፊቷ እያበራ፣ ቤቱ ሁሉ ያን ሽታ እየሸተተ።

ይህን ሳስብ ሽታው የመቼ ሽታ እንደሆነ አስታወስኩ። ወርጄ ድርቤን ጠራኋት።

«ኢቢሴ ከአንገር ጉቲን ስትመጣ ይሄን ቅባት እንዴት ነበር የምትቀባው?»

«ልሥራልህ?» አለችና ደስ አላት። ጨዋታ መስሏታል። መጀመሪያ እግሯን ታጠበች። ፊቷን ታጠበች። የሌሊት ልብሷን ለበሰች። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ጸለየች። ከዚያ በባዶ እጇ ፊቷን፣ ጆሮዋን፣ አንገቷን እያሸች አሳየችኝ። ኢቢሴ ታደርግ እንደነበረው የጆሮዋን ጫፍ በሁለት ጣት ሳብ ሳብ አደረገች።

«ከዚያ ትተኛለህ» አለችኝ።

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት በሳሙና ሙልጭ አድርገህ ትታጠባለህ። በቅባት ፊት ሥራ አይኬድም፣ የቆላ አቧራ ይለጠፍብሃል። ኢቢሴ ናት ያለችኝ። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። አንተ እስክትቆልፍብኝ።»

እናቴ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። «ታዲያ ቅባት የማታ አይደል እንዴ?» አለች። «ቅቤው፣ ቫዝሊኑ፣ ሁሉም ታጥበው የሚቀቡት ማታ ነው። በቀን ተቀብቶ እያብረቀረቀ የሚወጣ ማነው...» አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። መድኃኒት መስሎን ነበር። ቀን ፀሐይ ያቃጠለውን ማታ የሚያድን መድኃኒት።

አዳዳ፣ ኢቢሴ ጆሮዋን ለፀሐይ ባዶ ሰጥታ፣ ለጨለማ ቀብታ ስታድር ኖረች። አንቺ ጥላውን ላክሽ፤ ጥላው የሚዘረጋበትን ሰዓት ግን ማንም አልላከልንም። ቱቦው ላይ ተጽፎ ይሆናል፤ ማን ያንብበው? ስንት ወር ሰው ስጠረጥር ቆይቼ አሁን የምጠረጥረው ሰው አጣሁ። የቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አልከበደኝም።

ፎቶዎቹን ዛሬ በቴሌግራም ልኬያለሁ። የድርቤ ግራ ጆሮ ጫፍ ላይ ያለችው ቅርፊት ከኅዳር በፊት ጀምሮ አለች። ትደርቃለች፣ ትነሣለች፣ ትደማለች። ፀሐይ ካላየች ትሽራለች ብዬ ነበር የዘጋሁባት። አልሻረችም። ለማንም ብታሳዪው አልጠይቅም። ብቻ ቶሎ አሳዪ።

ሮብሳን


ትሮምሶ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮብሳን

ያላየነውን የሚያይ አምላክ በእናንተና በመንገዳችሁ መሃል ይቁም።

ፎቶውን ባየሁ ሰዓት ለእናትህ ደውዬ «ነገ አዲስ አበባ ውሰዷት» ማለቴን ታውቃለህ። አባትህም ከቢላ ተነሥቷል ብላኛለች። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ለሐኪሙ አይደለም፤ ለአንዷ ጥያቄህ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ እኔም በስልክ ስናገር አጠገቤ ሰው ስለሚኖር ነው።

የምሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ሲግሪድ እዚያ ካሉት አንዷ ናት። ጎልማሳ ሳለች በየክረምቱ ፀሐይ ወዳለበት አገር እየሄደች፣ አንተ ቱቦው ላይ እንዳየሃት ሴት አሸዋ ላይ ስትተኛ ኖራለች። ፀሐይ ርቧት ነበር። አሁን አፍንጫዋ ግማሽ ነው፤ ሐኪም ደጋግሞ ቆርጦላታል። ቅባቱን በብዛት ያዝዙላታል፣ እሷ ግን ከበር አትወጣም። ስለ ኢቢሴ ስነግራት «እኔ ለመስኮቱ አልቀባ፣ ለልጅቷ ላኪላት» አለችኝ። የእያንዳንዱ ሰው ዕቃ ላይ ስሙ ይጻፋል፤ ያየኸው ስም ያ ነው። ከአረጋውያን ስጦታ መቀበል ደግሞ በሥራችን ክልክል ነው። ቢታወቅ ያባርሩኛል። ይህን ወረቀት እንደፈለግህ አድርገው።

በየወሩ «ልጅቷ እየተቀባች ነው?» ትለኛለች። እኔም «አዎ» እላታለሁ። ኢቢሴ ካለፈች በኋላም «አዎ» ስላት ቆየሁ፤ ልነግራት አቃተኝ። የድርቤን ጆሮ ሳሳያት ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ አየች። ከዚያ ጣቷን በሌለው የአፍንጫዋ ጎን ላይ አድርጋ «የእኔም እንዲህ ነበር የጀመረው። ነገ ሐኪም ይያት፣ ከነገ ወዲያ አይደለም» አለችኝ። ያን ጊዜ ስለ ኢቢሴ ነገርኳት። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ስለ ማታውም ነገርኳት። ቱቦዋን እያገላበጠች «እኔ ሰዓቱን አውቄ አልተቀባሁም፣ እሷ ተቀብታ ሰዓቱን አላወቀችም» አለች።

እዚህ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ መናገር አልታየኝም። አሁን ልናገረው። ከቤት ከመውጣቷ ቀደም ብሎ ይቀባል። ሳይሰስት ይቀባል፤ ጆሮ፣ ማጅራት፣ ከንፈር፣ የእጅ ጀርባ ሳይቀር። ቀትር ላይ ይደገማል፤ ላብ ካላባትም ይደገማል። ግን ልብስ ይቀድማል፤ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ነው ዋናው ጥላ። ቅባቱ ልብስ ያልደረሰበትን ነው የሚጠብቀው። ደመና ሲሆንም አትተዉት። ከዚያ በኋላ ትውጣ፣ ትሩጥ፣ ትማር።

በመጨረሻው ደብዳቤህ መሃል ላይ «አዳዳ» ብለህ «አንቺ» ብለኸኛል። ሳታውቀው ይሆናል። አላረምከውም፤ አታርመው።

አዳዳህ ሶረቲ


ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳዳዬ ለሶረቲ

አከም ጅርታ አዳዳ? አጥንትሽ እንዴት ነው? አሁን እናንተ ዘንድ ፀሐይ አትጠልቅም ይላሉ፤ ለኖርሽበት ጨለማ ካሳ ያድርግልሽ። ሲግሪድንም ጌታ በዕድሜ ላይ ዕድሜ ይጨምርላት። ወረቀትሽን አባቴ ካነበበው በኋላ ምድጃ ውስጥ ጨምረነዋል።

የድርቤን ጆሮ በስልክ ሰምተሻል። ከጫፉ ትንሽ ቆርጠው አወጡት። ሐኪሟ «ገና ሳይሰድ ነው ያመጣችኋት» አለችን። እንደገና እየሄደች ትታያለች። ድርቤ ጆሮዋን በመስታወት እያየች «አይጥ የቀመሰችው እንጎቻ መሰለ» ትላለች። አባቴ ሳቀ። ከኢቢሴ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ወደ ቢላም አልተመለሰም፤ በየጠዋቱ የሚቀባት እሱ ሆኗል። እጁ ሻካራ ስለሆነ «ድንጋይ አይደለሁም እኮ!» እያለች ትጮህበታለች።

ወደ ትምህርት ቤት በተመለሰች ቀን ጠብ ነበር። ባንዲራ ሲሰቀል ኮፍያ ይወለቃል፤ ደንብ ነው። ሁላችንም እንዲያ ነው ያደግነው። ርእሰ መምህሩ ጋሽ ሠርፀ ሰልፉ ፊት ቆመው «አንቺ ልጅ፣ ባርኔጣሽን! ለባንዲራ ክብር የለሽም?» አሏት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ገባች። ከሐዘኑ ወዲህ በአደባባይ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ እስኪ ቀና ብለው ባንዲራውን ይመልከቱት» አለች። «ሲሰቀል እንዲህ ነበር ቀለሙ? ጨርቁን እንዲህ ያደረገች ፀሐይ ልጄን ምን ታድርጋት?»

ተማሪው ሁሉ ቀና አለ። ጋሽ ሠርፀም ቀና አሉ። ነጥቷል፤ አረንጓዴውና ቢጫው አይለይም። «ባርኔጣው ይሁን» አሉ። በማግስቱ አዲስ ባንዲራ ተሰቀለ። ድርቤ ጠረጴዛዋ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ። «ፈረንጅ» የሚሏት አሉ። እሷም ትመልስላቸዋለች፤ ያንን ለእሷ ተውኩት።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በፊት ሁላችን ወደ ኢቢሴ ሄድን። ከቀብሩ ወዲህ አራታችንም አብረን ስንሄድ የመጀመሪያችን ነው። ፎቶው ከበፊቱ ብሷል፤ ሹራቡ ቀይ እንደነበር የሚያውቅ ብቻ ነው የሚለየው። አባቴ ሊጸልይ ራሱን ዘንበል አደረገ። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ድርቤ ከኪሷ ቱቦውን አወጣች። መዳፏ ላይ ጨመቀች። ተጠግታ መስታወቱን ትቀባው ጀመር፤ መጀመሪያ የኢቢሴን ፊት፣ ከዚያ አንገቷን። ጆሮዋ ጋ ስትደርስ በሁለት ጣት ሳብ ሳብ እያደረገች።

«ድርቤ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት ቀስ ብዬ።

ዞር ብላ አየችኝ። ምንም እንደማያውቅ ሰው ቆጠረችኝ።

«ጠዋት አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ኢቢሴ በነጩ ቅባት ሥር ጠፋች። እናቴ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ማናችንም አልጠረግነውም።

በዚህ ደብዳቤ የምጠይቅሽ ነገር የለኝም። ለሲግሪድ ግን ንገሪያት፤ «ልጅቷ እየተቀባች ነው?» ስትልሽ አሁን «አዎ፣ በጠዋት» በያት።

ልጅሽ ሮብሳን